ከሐይቅ ሥር ያለው ጋዝ ከየት መጣ?

ከብት ረግረግ ውስጥ ሲገባ፣ ወይም ጭቃውን በዱላ ስንወጋው፣ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ሲወጣ ሁላችንም አይተናል። ያ አረፋ ሚቴን የሚባል ጋዝ አለበት። ሚቴን ቀለምም ሽታም የለውም፤ እሳት ሲነካው ግን ይነዳል።

ሚቴንን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። የበሰበሰ ቅጠል፣ እበት፣ የሞተ ነገር ሁሉ ምግባቸው ነው። አየር ባለበት ግን አይኖሩም። ስለዚህ የሚመቻቸው ጭቃ ውስጥ፣ የከብት ሆድ ውስጥ፣ ወይም በጣም ጥልቅ ውኃ ሥር ነው።

በሩዋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ኪቩ የሚባል ሐይቅ አለ። ጥልቀቱ 485 ሜትር ይደርሳል። የእኛ ጣና ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ነፋስ እስከ ታች ያማስለዋል። ኪቩን ግን ማን ያማስለው? የታችኛው ውኃ ጨውና ጋዝ ስላለበት ይከብዳል፤ ከላይኛው ጋር አይቀላቀልም። ዓሣ የሚኖረው ላይ ላዩን ብቻ ነው። ታች አየር የለም።

ሚቴኑ እዚያ በሁለት መንገድ ይፈጠራል። አንደኛው እንደ ረግረጉ ነው፤ የሞተ ዓሣና የውኃ አረንጓዴ ወደ ታች ሰምጦ ይበሰብሳል። ሁለተኛው ግን ይገርማል። ሐይቁ አጠገብ እሳተ ገሞራ አለ። ከምድር ውስጥ የተቃጠለ አየር፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ወደ ሐይቁ ይገባል። ተሕዋስያኑ ይህን ከሃይድሮጂን ጋር አዋሕደው ሚቴን ያደርጉታል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል በሚለው ላይ አዋቂዎች ብዙ ተከራክረዋል።

ታዲያ ጋዙ ለምን አይወጣም? የቢራ ጠርሙስ አስቡ። ክዳኑ እስካለ ድረስ አረፋ አይታይም፤ ሲከፈት ግን ይገነፍላል። የኪቩ ክዳን በላዩ የተጫነው የውኃ ክብደት ነው።

ክዳኑ ቢከፈትስ? ካሜሩን ውስጥ ኒዮስ የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ። ነሐሴ 15 ቀን 1978 ዓ.ም. ሌሊት ከሥሩ የተቃጠለ አየር ድንገት ገንፍሎ ወጣ። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳልና ሸለቆ ሸለቆውን ወረደ። ከ1,700 በላይ ሰዎች ታፍነው ሞቱ፤ ከብቶቻቸውም አለቁ። ኪቩ ከኒዮስ ከሺህ ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ በውስጡም ከተቃጠለ አየሩ ሌላ 60 ኪሎ ሜትር ኩብ ያህል ሚቴን አለበት። በዳርቻው ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖራል። እርሻቸውና መረባቸው ያለው እዚያው ነውና ተነሡ ቢባሉ የት ይሄዳሉ?

ሩዋንዳዎች ጋዙን ለሥራ አውለውታል። ቱቦ ወደ 350 ሜትር ያህል ያወርዳሉ። ውኃው ወደ ላይ ሲመጣ ጫናው ይቀንስና ጋዙ ይለያል፤ ውኃውም ተመልሶ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ጣቢያ በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ 26 ሜጋ ዋት መብራት ለማመንጨት በቅቷል።