ከመርዛም ጥራጊ የሚመጣ ሕመም እንዴት እንደሚመረመር

መሬት የጣሉባትን ሁሉ ተቀብላ ዝም የምትል ትመስላለች፤ ነገር ግን የተቀበለችውን በውሃና በእህል አድርጋ ወደ ሰው ትመልሰዋለች። አገር ለማስተዳደር የተሾመና መሬት ያለው ሰው ሁሉ ይህን እንዲያስተውል፣ በጃፓን አገር የሆነውን ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በጃፓን፣ ቶያማ በሚባለው ክፍለ አገር፣ ጂንዙ የሚባል ወንዝ ይወርዳል። ከወንዙ በላይኛው ወገን፣ በካሚዮካ፣ ዚንክና እርሳስ የሚወጣበት የማዕድን ስፍራ ነበረ። ከማዕድኑ ተለይቶ የሚጣለው ዝቃጭ ካድሚየም የሚባል መርዛም ብረት ነበረበትና ከወንዙ ገባ፤ ገበሬዎቹም ያንኑ ውሃ ይጠጡት፣ በቦይ እየሳቡም የሩዝ እርሻቸውን ያጠጡበት ነበረ። ከጊዜ በኋላ ሴቶች፣ ይልቁንም የወለዱና ዕድሜያቸው የገፋ፣ አጥንታቸው እየለሰለሰ በጥቂት ነገር፣ በሳል እንኳ፣ ይሰበር ጀመር። ካድሚየም በኩላሊት ተከማችቶ ኩላሊትን ያበላሻልና፣ ለአጥንት የሚያስፈልገው ነገር ከሽንት ጋራ ይወጣል። ሕመምተኞቹ ከሥቃይ የተነሣ «ኢታይ፣ ኢታይ» ይሉ ነበረ፤ ትርጓሜውም «አመመኝ፣ አመመኝ» ማለት ነው። የበሽታውም ስም ይኸው ሆነ።

ምክንያቱ ብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቈየ፤ የምግብ ማነስ ነው፣ የሥራ ብዛት ነው የሚሉ ነበሩ። ሃጊኖ ኖቦሩ የሚባል የዚያው አገር ሐኪም ግን ከ1946 ጀምሮ በሽተኞቹን ተከታተለ። ቤታቸውን በካርታ ላይ ቢያመለክት፣ በጂንዙ ውሃ በሚጠጣው ምድር ተሰብስበው ተገኙ፤ በሌላ ወንዝ የሚያጠጡት ጎረቤቶቻቸው ግን ደኅና ነበሩ። ሊቃውንትም ውሃውን፣ ሩዙንና የሞቱትን ሰዎች አጥንት መርምረው ካድሚየም አገኙበት። በ1968 የጃፓን ጤና ሚኒስቴር ነገሩን አመነ፤ በ1971 በሽተኞቹ ኩባንያውን በፍርድ ቤት ረቱ። የተበከለውን የእርሻ አፈር የማደሱ ሥራ ግን ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቶ በ2012 ተፈጸመ።

ስለዚህ ከጥራጊ መጣያ አጠገብ ሕመም የተሰማ እንደ ሆነ፤
1ኛ፤ የታመመው ሰው ሁሉ ቤቱ፣ ዕድሜውና በስፍራው የኖረበት ዘመን ይጻፍ።
2ኛ፤ መርዙ ወደ ሰውነት የሚገባበት መንገድ፣ የሚጠጣው ውሃ፣ የሚበላው እህልና የሚተነፍሱት አቧራ ይመርመር።
3ኛ፤ ጥራጊው ከማይደርስበት መንደር ጋራ ይመዛዘን፤ በሽታ በመጣያው አጠገብ መገኘቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንምና።
4ኛ፤ አፈሩና ውሃው፣ የሰዎቹም ደምና ሽንት፣ ለምርመራ ወደ ባለሙያ ይላክ።

ምርመራው እስኪፈጸም ሕዝቡ ከተጠረጠረው ውሃ ይከልከል፤ ሌላም ውሃ ይፈለግለት። እንዲህ ያለ መርዝ በብዙ ዓመት ቀስ እያለ የሚከማች ነውና፣ ዛሬ ያልታመመ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። በጂንዙ ዳር ሰው ስለ አጥንቱ ከመጮኹ አስቀድሞ ገበሬው ስለ አዝመራው ጮኾ ነበረ። እንግዲህ «አዝመራዬ ጠወለገ፣ ዓሣው ሞተ» የሚል አቤቱታ የቀረበለት ሹም በመዝገብ ይጻፈው፤ ሄዶም ቦታውን ይየው እንጂ አይናቀው።