ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ማለት ይችላል?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ለገሃር አካባቢ ፈቃድ የሌለው ሽጉጥ ተገኝቶበት ተከሰሰ። ችሎት ፊት አመነ፤ እስራት ተፈረደበት። ጎረቤቶቼ «ካመነ አለቀለት» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አላለቀለትም፣ እህቴ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ አንቀጽ 185፣ አምኖ የተፈረደበትን ሰው የሚከለክለው በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ ከማለት ነው። በቅጣቱ ላይ ግን መከራከር ይችላል። ስለዚህ አቤቱታው «ሽጉጡ የእኔ አልነበረም» በሚል ክርክር አይሞላ፤ ያ በር ተዘግቷል።

ትልቁ ሥራ የፍርዱን ግልባጭ በጥንቃቄ ማንበብ ነው። ቅጣቱ የተጠቀሰው አንቀጽ ከሚፈቅደው አልፏል? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 የክሱን ዝርዝር በሙሉ ማመንን የጸጸት ምልክት አድርጎ በቅጣት ማቅለያነት ይቀበለዋል። ፍርድ ቤቱ ይህን ይዞለታል? የቀድሞ ጥፋት ከሌለበት፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ከሆነ፣ ይህስ ተመዝግቧል? ብዙ ተከሳሽ ካመነ በኋላ ማቅለያ ሳያቀርብ ዝም ይላል፤ በጣም ያሳዝነኛል። ቅጣቱ በገደብ እንዲታገድለት ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ከታለፈም፣ ይህ ጠንካራ የይግባኝ ነጥብ ነው።

ጊዜው አጭር ነው። የይግባኝ ማስታወቂያው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ፣ ዝርዝር አቤቱታው ግልባጩ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ጊዜው ካለፈ በቂ ምክንያት አቅርቦ ማስፈቀድ ይቻላል። ከፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሚነሳ ይግባኝ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ካጡ የተከላካይ ጠበቆችን እርዳታ ይጠይቁ። ግልባጩን ግን ዛሬውኑ ያስወጡ።