ስለ ነፍሰ ጡር ሴትና ስለሚያሰክር መጠጥ

አንባቢ ወዳጄ ሆይ፤ በአገራችን ለእንግዳ ጠላ ወይም ጠጅ መቅዳት የፍቅር ምልክት ነው። አልጠጣም ያለችውንም ሴት «ጠላ እህል ነው፤ ምን ያደርግሻል?» እያልን እናስገድዳታለን። ነገር ግን ለነፍሰ ጡር የተቀዳው ዋንጫ ለሁለት ሰው እንደ ተቀዳ ብዙዎች አያስተውሉም።

እናት የጠጣችው አልኮል ወደ ደምዋ ይገባል፤ ከደምዋም በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል። የፅንሱ ጉበት ገና አልጠናምና መርዙን እንደ እናቱ ሊያጠፋው አይችልም።

ይልቁንም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስፈራሉ። ከተፀነሰ በኋላ በ4ኛው ሳምንት መጀመሪያ ግድም የልቡ ትርታ ይጀምራል፤ እስከ 8ኛውም ሳምንት ድረስ ዋና ዋናዎቹ ብልቶች ይመሠረታሉ። በዚያን ጊዜ ግን ብዙ ሴት ማርገዝዋን ገና አላወቀችም። እንግዲህ ጉዳቱ ከወሬው ይቀድማል ማለት ነው። የሶምሶንም እናት፥ ምክንያቱ የልጅዋ ናዝራዊነት ቢሆንም፥ ገና ሳትፀንስ ከሚያሰክር መጠጥ እንድትጠበቅ መታዘዝዋን መጽሐፈ መሳፍንት በ13ኛው ምዕራፍ ይነግረናል።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. ፖል ሌምዋን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ከጠጪ ወላጆች የተወለዱ 127 ልጆች የደረሰባቸውን ጉዳት ጽፎ አስታወቀ። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ የሲያትል ሐኪሞች ለበሽታው ስም አወጡለት። መጠጥ ፅንሱን ሊያስወርድ፥ የሕፃኑን ዕድገት ሊያቀጭጭ፥ መልኩን፥ ልቡንና አንጎሉን ሊጎዳ ይችላል።

አንዳንድ ሰው «እናቴ ጠጥታ እኔን በደኅና ወልዳለች» ይላል። እውነት ነው፥ ሁሉ ልጅ እኩል አይጎዳም። ነገር ግን ጉዳቱ ሁልጊዜ በፊት ላይ አይታይም፤ ትምህርት የማይገባው፥ የነገሩትን ቶሎ የሚረሳ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ይገረፋል። በማኅፀን የተጎዳውን አንጎል ግን አለንጋ አያድነውም። ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም የሚባል ልክም አልተገኘም፤ በቢራም፥ በጠላም፥ በአረቄም ያለው አልኮል አንድ ነው።

ስለዚህ ልትፀንስ የምታስብ ሴት አስቀድማ ትተው። ባልዋም ብቻዋን አይተዋት፤ እርሱም ዋንጫውን ያስቀምጥ። የቤት እመቤትም ወተት ወይም ሻይ ታቅርብላት እንጂ አታስገድዳት። ሳታውቅ የጠጣችም ተስፋ አትቁረጥ፤ አንጎሉ እስከሚወለድበት ቀን ድረስ ያድጋልና ዛሬ መተውዋ ይጠቅመዋል። መጠጥ ልማድ ሆኖባት ስትተው የምትንቀጠቀጥ ብትሆን ግን ሳታፍር ወደ ሐኪም ትሂድ። በማኅፀን ያለው ልጅ እንቢ ማለት አይችልምና፥ እኛ ስለ እርሱ እንቢ እንበል።