ከምጣዱ እስከ «ወራጅ አለ»፦ አደጋን ቀድሞ የመከላከል አሠራር

ገርጂም ይሁን ሰሚት፣ አያትም ይሁን ቦሌ ቡልቡላ፣ ጠዋት ከቤት የሚወጣ ልጅ «ተጠንቅቀህ ሂድ» ሳይባል አይወጣም። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ብቻውን ግን አያድንም። የሰባት ዓመት ልጅ ኳስ ሲያይ ሁሉን ይረሳል። ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ የያዘች እናትም ከሰሉን ትረሳለች። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሰው መዘናጋቱ አይቀርም ብሎ ይነሳል። የምንለውጠው ጠባይን ሳይሆን የዕቃውን ቦታ፣ የምንሄድበትን መንገድና የምንቆምበትን ስፍራ ነው። ለቤቱ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል፤ የቀረው በየዕለቱ ጉዞ የሚለመድ ነው።

ቤት

መጀመሪያ ሃይላንዶቹን ይሰብስቡ። በየቤታችን የውኃ ሃይላንድ ይታጠብና በረኪና ይገባበታል፣ ላምባ ይገባበታል፤ መካኒክ ባለበት ቤት ደግሞ የባትሪ አሲድ። ለልጅ ሃይላንድ ማለት ውኃ ማለት ነው። ላምባ ሲያዩት ከውኃ አይለይም፤ የተጠማ ልጅ ደግሞ አሽትቶ አይጠጣም። በውኃ ጠርሙስ ያለውን ሁሉ ወደ ራሱ ዕቃ ይመልሱ። የራሱ ዕቃ ከሌለው ምንም መጠጥ ወደማይመስል፣ ክዳኑ ወደሚጠብቅ ዕቃ ያዛውሩት፤ ከዚያ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ሳይሆን ከፍ ያለ፣ የሚቆለፍ ቦታ ያስቀምጡት። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

አይበለውና ልጁ ከጠጣ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ጣት ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ ማስመለስ ነው። አይደረግም። ላምባ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባል፤ በረኪናና አሲድም ሲመለሱ ጉሮሮን ሁለተኛ ይልጣሉ። ጠርሙሱን ይዘው ልጁን ወዲያው ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ቀጥሎ ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ነው። ገበያ ላይ ከምንገዛቸው ተራ ኤክስቴንሽኖች ብዙዎቹ 10 አምፔር ብቻ የሚችሉ ናቸው። ጋግረው ሲጨርሱ ማብሪያውን ያጥፉ፣ ሶኬቱን ይንቀሉና በእጅዎ ጀርባ ይንኩት። ከሞቀ፣ ዳሩ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተዎት መስመሩ ምጣዱን አልቻለውም ማለት ነው። መፍትሔው ወፍራም ኤክስቴንሽን መፈለግ አይደለም፤ ኤሌክትሪሻን ጠርተው ለምጣዱ ብቻ የራሱ ብሬከር ያለው፣ ሽቦው ከ4 ካሬ ሚሊሜትር ያላነሰ መስመር ያስዘርጉ።

መብራት በጋገራ መሐል ሲሄድስ? ሁሉም ወደ ሻማው ይሮጣል። ምጣዱ ግን እንደተሰካ ነው፤ ላዩ ላይ ሰፌድ ወይም ጨርቅ ይቀመጥበታል፣ ሌሊት ሁሉም በተኛበት መብራቱ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ምጣዱ ይነቀል፣ ሻማው ከዚያ ይፈለግ።

ከሰል ላይ የሚያሳስተን «ጭሱ አልቋል» የሚለው አባባል ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደምቆ ከቀላ ፍምም ይወጣል። ከሰሉን በረንዳ ላይ ያቀጣጥሉ፣ ቡናው ሲፈላ መስኮቱና በሩ ክፍት ይሁኑ፣ ሦስተኛው ሲጠጣ ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ። በሐምሌ ብርድ ምድጃ ይዞ መኝታ ክፍል መግባትን ጨርሶ ይተዉት። ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ወይም ካቅለሸለሸው ጉንፋን ነው ብለው አይለፉት፤ ሰዎቹን ወደ አየር ያውጡ። የሚድህ ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ረከቦቱ መተላለፊያ ላይ አይቀመጥም፤ ከግድግዳው ጥግ ይሁን፣ ቡና የምታፈላዋ ደግሞ ፊት ለፊቱ ትቀመጥ።

የቡታጋዝ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ከሸተተዎት መብራት አያብሩ፣ የበራውንም አያጥፉ፤ የሲሊንደሩን ቁልፍ ይዝጉ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ይውጡ። ጎማው ማፍሰስ አለማፍሰሱ በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አይፈተሽም።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል፣ ባልዲና ሳፋ የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ገና መራመድ የጀመረ ልጅ ጭንቅላቱ ስለሚከብደው ባልዲ ውስጥ ከተደፋ መነሳት አይችልም፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ውኃ ይበቃዋል፣ ድምፅም አያሰማም። በርሜሉ ልጅ የማይከፍተው ክዳን ይኑረው፤ ሳፋና ባልዲ ሥራ ሲያልቅ ተገልብጠው ይደሩ።

የቤቱን ዙር በበሩ ይጨርሱ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሌባ ፈርተን የምናስገጥመው የብረት ፍርግርግ እሳት ሲነሳ የሚቆልፈው እኛኑ ነው። ቁልፉ ሌሊትም ቢሆን ከውስጥ በኩል በአንድ የታወቀ ሚስማር ላይ ይንጠልጠል፤ ልጆችም ቦታውን ይወቁት። ደረጃው ላይ የተከመረው የከሰል ጆንያና አሮጌ ፍራሽ ይነሳ። ጎረቤት ይቀየም ይሆናል፤ ይቀየም።

መንገድና ትምህርት ቤት

መንገድ ላይ በእጃችን ያለው ነገር ጥቂት ነው፤ እሷኑ ጥቂቷን አጥብቆ መያዝ ነው። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲበር ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ በሚያልፈው አንድ ሴኮንድ ብቻ 14 ሜትር ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ሲያድግ የሚገጨው እግረኛ የመሞት ዕድል አራት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ሰፊውን የሲኤምሲ አስፋልት ለሚነዳ ሰው ይህች 15 ኪሎ ሜትር ምንም አትመስለውም።

ለእግረኛው ክፉዋ ደቂቃ ከታክሲ የሚወርድባት ናት። «ወራጅ አለ» ካሉ በኋላ ሚኒባሱ ፈጽሞ ሳይቆም እግርዎን አያውጡ። ከወረዱ በኋላ በታክሲው ፊት ዞረው አይሻገሩ፤ ከኋላ ቀድሞ የሚመጣው መኪና እርስዎን አያይም፣ እርስዎም አያዩትም። ታክሲው ይሂድ፤ መንገዱ ግራና ቀኝ ወለል ብሎ ሲታይ ወደ ዜብራው ይሂዱ። ለልጅ ከማንኛውም ሌላ የመንገድ ሕግ በፊት ይህችን ያስተምሩት፤ በቃል ሳይሆን አብረውት ወርደው፣ ደጋግመው።

ከመገናኛ እስከ አያት ባቡሩ በመንገዱ መሐል ስለሚያልፍ እዚያ የሚሻገር ሰው አንድ መንገድ ሳይሆን ሦስት ነው የሚሻገረው፦ አስፋልት፣ ሐዲድ፣ እንደገና አስፋልት። እያንዳንዱ ላይ ቆም ብሎ እንደ አዲስ መመልከት ይገባል። በቀለበት መንገዱ ከቦሌ በኢምፔሪያል በኩል ወደ መገናኛ በሚወስደው መሥመር የመሐል ግንቡን ዘሎ ማለፍ የለም። የእግረኛ ድልድዩ ደረጃ ለአዛውንትና ለነፍሰ ጡር እንደማይመች አውቃለሁ፤ ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን የነዳፊው ነው። ቢሆንም ትንሽ ከፍሎ በታክሲ ዞሮ መውረድ ከግንቡ ይሻላል።

ልጅዎን በመኪና ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ከሆነ ሕፃን ታቅፎ ፊት ወንበር መቀመጥን ይተዉ። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግጭት ሲደርስ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን አቅፎ የሚያስቀር ክንድ የለም። ልጅ ከኋላ ይቀመጣል፤ ሕፃኑ በራሱ ወንበር፣ ከፍ ያለው በቀበቶ። በብዙ መኪኖች የኋላው ቀበቶ ከወንበሩ ልብስ ሥር ተቀብሯል። ኮንትራት የያዙትን ሾፌር «ቀበቶውን ያውጡልን» ማለት ነውር አይደለም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጁን በአስፋልቱ በኩል አያውርዱ፤ ሁልጊዜ በእግረኛ መንገዱ በኩል ባለው በር ይውረድ። የሰርቪስ መኪናውን ደግሞ አንድ ቀን ሳይናገሩ ይመልከቱት፦ ስንት ልጅ ይጭናል? ልጆቹን የሚያወርድ ረዳትስ አለው?

ሥራ

የቦሌና የለሚ ኩራ ዋናው አደገኛ ሥራ ግንባታ ነው። የአጣና መወጣጫ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው እየዞረ ያረጃል፤ ሚስማሩ ይላላል፣ እንጨቱ ከውስጥ ይበላል። ፎርማኑ በየጠዋቱ፣ በተለይ ዝናብ ካደረ በኋላ፣ ማንም ሳይወጣ በፊት መገጣጠሚያዎቹን ይፈትሽ። መርገጫው ጣውላ ሁለቱም ጫፍ ላይ ይታሰር፤ አንድ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው መደገፊያ ይኑረው።

ከመወጣጫው ይልቅ የሚናቀው ቁፋሮው ነው። የቦሌ አካባቢ አፈር በብዙ ቦታ ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመው ግድግዳ ዛሬ ይናዳል። ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ካለፈ ግድግዳው በእንጨት ይደገፍ ወይም ተዳፋት ሆኖ ይቆረጥ። የወጣው አፈር ከጉድጓዱ አፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፤ ሲኖትራክም ወደ አፉ አይጠጋ። መሰላል የሌለበት ጉድጓድ ውስጥ አይገቡ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ የተቀበረን ሰው ጓደኞቹ በአካፋ አይደርሱለትም።

የቀን ሠራተኛም ቢሆኑ ሄልሜትና የመከላከያ ቀበቶ መጠየቅ መብትዎ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብና አጠቃቀሙን የማሳየት ግዴታ አለበት፤ ሠራተኛው ደግሞ የተሰጠውን የመጠቀም። ቢሮ ለሚውል ሰው የሚቀረው አጭር ነው፦ በደረጃ በኩል ያለው መውጫ ተቆልፎ እንደሆነ ዛሬውኑ ገፍተው ይሞክሩት።

ቢደርስስ?

ለቃጠሎ ጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ሊጥ አይደረግም። ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት። ውኃ በሌለበት ቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጣሳ በዝግታ ቢንቆረቆር 20 ደቂቃ ያደርሳል፤ ስለዚህ አንድ ጀሪካን ሁልጊዜ ሞልቶ ይቀመጥ። ከዚያ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ሦስት ቁጥሮችን በሩ ጀርባ ላይ ይለጥፉ፦ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991። ከሥራቸው አድራሻዎን ይጻፉ፤ የደነገጠ ሰው የራሱ ብሎክ ቁጥር ይጠፋዋል። «ሰሚት» ብቻ ማለት አያደርስም። የሳይቱ ስም፣ ብሎክ፣ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር፣ ከዋናው መንገድ መታጠፊያው ላይ ያለ የታወቀ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ሕንፃ ይጻፍ። ደዋዩ ስልኩን አይዝጋ፤ ሌላ ሰው ባትሪ ይዞ እስከ አስፋልቱ ይውጣና መኪናውን እየመራ ያስገባ።