የቬኔዙዌላ ሆት ዶግና የባለጋሪው ሒሳብ

በካራካስ ከተማ ፀሐይ ስትጠልቅ ባለጋሪዎች በየሰፈሩ ማዕዘን መብራታቸውን አብርተው፣ ውሃቸውን አፍልተው ይቆማሉ። የሚሸጡት ምግብ በአገሩ ቋንቋ «ፔሮ ካሊየንቴ» ይባላል። ስሙ ሆት ዶግ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በቀጥታ የተመለሰ ሲሆን፣ ምግቡ ግን ከአሜሪቃው እጅግ የተለየ ነው። ጋሪዎቹ በብዛት የሚሰበሰቡበትንም ጎዳና ሕዝቡ በልዩ ልዩ ከተሞች «የረኃብ መንገድ» ብሎ ይጠራዋል፤ ይኸውም የተራበ ሰው መጥቶ የሚጠግብበት ለማለት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሊቀምስ የቀረበ እንግዳ የሚያየው እንደሚከተለው ነው። ሻጩ በእንፋሎት የለሰለሰውን ረዘም ያለ ዳቦ ከፍቶ፣ ከሙቅ ውሃ ያወጣውን ቀጭን ቋሊማ ያስገባበታል። በዚያም ላይ እጅግ ደቅቆ የተከተፈ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ይነሰነሳል። ቀጥሎ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኖ የተጠበሰ ድንች ይከመርበታል። ከዚያም የቲማቲም ድልህ፣ ሰናፍጭ፣ ማዮኔዝና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ስጎ በየተራ ይፈስበትና፣ የተፈቀፈቀ ፎርማጆ ይደረግበታል። በአንዳንዱ ጋሪ የበቆሎ ወይም የአቦካዶ ስጎም አይታጣም። ሲነክሱት ዳቦው ለስላሳ፣ ድንቹ የሚንኮሻኮሽ፣ ስጎው ጨውና ጣፋጭ የተቀላቀለበት ነው። ከላዩ የተከመረው ጥቂቱ መሬት መውደቁ የማይቀር ስለ ሆነ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ መብላትን ቶሎ ይማራል።

ደምበኛው ሲያዝ «ኮን ቶዶ» ይላል፤ ትርጓሜውም «ሁሉም ይደረግበት» ማለት ነው። ሻጩ ከዚህ በኋላ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ይሠራል። የንግዱ ብልኀት ከዚህ ላይ ነው። ሽንኩርቱ ይግባ ወይስ ይቅር፣ ድንቹ በስንት፣ አይቡ በስንት እያለ ለያንዳንዱ ጭማሪ ሒሳብ የሚያወጣ ሻጭ በሰዓት የሚያስተናግደው ሰው ያንሳል፤ መጠበቅ የሰለቸውም ወደሚቀጥለው ጋሪ ያልፋል። ዋጋው አንድ ሲሆን ግን ገዢው የሚከፍለውን አስቀድሞ ያውቃል፣ የሻጩም እጅ መጠኑን ይለምደዋል።

ወጪውን ለይተው ሲመረምሩት፣ ውዶቹ ቋሊማው፣ ዳቦውና አይቡ ናቸው። ጎመንና ሽንኩርት ርካሽ አትክልቶች ሲሆኑ፣ ደቅቀው ስለ ተከተፉ ጥቂቱ ብዙ ቦታ ይሞላል። ድንቹም በክብደቱ ቀላል ሆኖ ሳለ ለዓይን ብዙ ይመስላል። ስለዚህ ደምበኛው «ተትረፍርፎ ተሰጠኝ» ብሎ የሚደሰትበት ክፍል ለሻጩ ትንሽ ወጪ ያለበት ክፍል ነው። ይህን ማታለል ነው የሚል ቢኖር ምግቡን ይቅመሰው፤ ጣዕሙ ከቋሊማው ይልቅ ከላዩ ከሚጨመረው የሚገኝ ነውና። ይሁን እንጂ የተከተፈ ሽንኩርት አያድርም፣ ማዮኔዝም ሙቀት ላይ ከቆየ ይበላሻል። የምሽቱን ገበያ ገምቶ የማይከትፍ ባለጋሪ በርካሹ ጎመን ያተረፈውን በሚጥለው ጎመን መልሶ ያጣዋል።

ይህ ትንሽ ንግድ ከታላቁ የዓለም ንግድ ጋር የሚገናኘው በዳቦው በኩል ነው። ቬኔዙዌላ ስንዴዋን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውጭ ታስገባለች፤ የምትገዛበትንም ዶላር ለብዙ ዓመታት ያገኘችው በአመዛኙ ከነዳጅ ዘይት ሽያጭ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) በ2003 ዓ.ም. መንግሥቱ በውጭ ምንዛሪና በዋና ዋና ሸቀጦች ዋጋ ላይ ቁጥጥር አደረገ። ከ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወድቅ ምንዛሪው እየጠፋ ሄደ፤ ዱቄትም አነሰ፣ በየዳቦ ቤቱም በር ሰልፍ በዛ። በማርች 2017 ዓ.ም. ዳቦ ቤቶች ከሚደርሳቸው ዱቄት 90 በመቶውን ለዳቦ ብቻ እንዲያውሉ ታዘዙ፤ ብራውኒ የተባለውን ኬክና ሌላ ጣፋጭ የጋገሩ አራት ጋጋሪዎችም ታሰሩ። ዳቦ ያላገኘ ባለጋሪ ቋሊማውና ጎመኑ ቢሞላለት እንኳ የሚሸጠው የለውም።

ለቸርቻሪ ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ግን በጃኑዋሪ 2014 ዓ.ም. የወጣው የዋጋ ሕግ ነው። ሕጉ የማንኛውም ነጋዴ ትርፍ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ይወስን ነበር። ለማየት ያህል፣ አንድ ነጋዴ በ100 የገዛውን ዕቃ በ130 ሸጠ እንበል። በመዝገቡ ላይ 30 አትርፏል። መልሶ ሊገዛ ሲሄድ ግን ያው ዕቃ 160 ሆኖ ቢያገኘው፣ በእጁ ያለው 130 አንዱን ዕቃ እንኳ አይተካለትም፤ እንግዲህ ትርፍ ጽፎ ካፒታሉን በልቷል ማለት ነው። ዋጋ በሚንርበት ዘመን ነጋዴ «በስንት ገዛሁት?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «በስንት እተካዋለሁ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የምንዛሪ ተራ ሲጠብቅ የኖረ የአገራችን አስመጪ ይህን ሒሳብ ሳይነገረው ያውቀዋል። ሕጉ የተቈጠረው ለገዢው ታስቦ ቢሆንም፣ መተካት ያልቻለ ሱቅ ሲዘጋ ገዢውም አብሮ ይጐዳል።

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የዋጋው ንረት በወር ከ50 በመቶ በላይ ሆነ። ከቦሊቫር ላይ በ2008 ዓ.ም. ሦስት ዜሮ፣ በ2018 ዓ.ም. አምስት ዜሮ፣ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ስድስት ዜሮ ተሠርዟል፤ በጠቅላላው 14 ዜሮ መሆኑ ነው። የወረቀት ገንዘብ በጠፋ ጊዜ የመንገድ ዳር ሻጭ ሳይቀር በባንክ ካርድና በሒሳብ ማዛወር ይቀበል ጀመር። ከ2019 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር በገበያው በግልጽ ሲዘዋወር ሌላ ችግር መጣ፤ የመልስ ሳንቲም አልተገኘም። አንድ ሆት ዶግ የበላ ሰው ትልቅ የዶላር ኖት ሲዘረጋ ሻጩ መልሱን ከወዴት ያመጣል?

በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ግምት እስከ 2024 ዓ.ም. ድረስ ከ7.7 ሚሊዮን በላይ ቬኔዙዌላውያን ከአገራቸው ወጥተዋል። ምግቡም አብሯቸው ወጣ። ዛሬ በቦጎታ፣ በሊማ፣ በሳንቲያጎ፣ በማድሪድና በፍሎሪዳ ውስጥ ባለችው በዶራል ከተማ የቬኔዙዌላ ሆት ዶግ ይሸጣል። ዳቦው፣ ቋሊማውና ጎመኑ ከዚያው ከሚገኝበት አገር ይገዛሉ፤ ስደተኛው «ይህ የአገሬ ነው» የሚልበት ግን የስጎው ዓይነት፣ የአከታተፉ ድቀትና የአደራረቡ ሥርዓት ነው። መጀመሪያ የሚገዛው አገሩን የናፈቀ ሰው ነው፤ ጐረቤቱ ኋላ ይከተላል። እንጀራና በርበሬ ወደ ዋሽንግተን የሚልክ ኢትዮጵያዊ ነጋዴም የመጣበት መንገድ ይኸው ነው። እንዲህ ያለውን ገበያ የሚሻ ላኪ ሊያውቀው የሚገባ ደምብ አለ፤ ወደ አሜሪቃ ምግብ የሚልክ ማምረቻ በ2002 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት በአገሪቱ የምግብና የመድኀኒት አስተዳደር መሥሪያ ቤት መመዝገብ፣ በዚያው አገር የሚኖር ወኪል መሰየም፣ የእያንዳንዱንም ጭነት መምጣት ዕቃው ከመድረሱ አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት። ምዝገባው በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል።