ሕፃናትና የመንገድ አቅጣጫ

«ልጅ ምን መንገድ ያውቃል?» ሲባል እንሰማለን። ሆኖም አቅጣጫን መለየት ከሕፃንነት ጀምሮ በልምምድ የሚያድግ ችሎታ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ጆን ኦኪፍ የተባሉ ሊቅ፣ ሂፖካምፐስ በሚባለው የአይጥ አንጎል ክፍል ውስጥ ቦታን የሚለዩ ሕዋሳት አገኙ፤ በ2014 እ.ኤ.አ.ም የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ሕፃን አስቀድሞ የሚይዘው ምልክትን ነው፤ ግራና ቀኝን ዘግይቶ ይለያል። ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ቀኝ እጅ ለማወቅ ብዙውን ጊዜ 7 ወይም 8 ዓመት ይሞላዋል።

ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ደጀን ስንጓዝ ታናናሾቻችንን በመስኮት በኩል እናስቀምጣቸው። የጠዋት ፀሐይ በስተቀኝ ከሆነች ወደ ሰሜን እየሄድን መሆኑን እናስረዳቸው። ፍቼን፣ ጎሐ ጽዮንን፣ የዓባይን ድልድይ በተራ ይጥሩልን። በማግሥቱ ጠዋት ስንመለስ ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትሆን ራሳቸው ይናገሩ፤ ቢሳሳቱም አንሳቅባቸው።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአውቶቡስ ተራ ግርግር ከእናቱ እጅ ያመለጠ ልጅ፣ ቤቱ በምን አጠገብ እንደሆነ መናገር ከቻለ ወደ ቤቱ የሚመልሰው አያጣም። እንግዲህ በመንገድ ላይ ልጅ ሲጠይቀን «ዝም በል» ከማለት ይልቅ እንመልስለት።