ምዕራፍ ስድስት፦ ወረርሽኝ ሲመጣ ክትትልሽን አታቋርጪ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲነገር ነፍሰ ጡሮች በሁለት በኩል ተጨነቁ። በሽታው ሆዴ ውስጥ ላለው ልጅ ቢተላለፍስ? የምወልድበት ጤና ጣቢያ ራሱ በሽታውን ቢያሲዘኝስ? ይህ ሁለተኛው ጭንቀት ብዙዎችን ቤት አስቀራቸው። ታክሲ በግማሽ እንዲጭን ተወስኖ ታሪፉ እጥፍ ሲሆን ደግሞ፣ በቀን ሥራ ለምትተዳደር ሴት ቀጠሮዋን የምትተውበት ሌላ ምክንያት ተጨመረ።

በፍርሃቷ አልፈርድባትም። ግን ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ ያለፈች አገር አለች። እ.ኤ.አ. በ2014 እና 2015 ኢቦላ ሴራሊዮንን ሲያምስ ሴቶች በፍርሃት ከጤና ተቋማት ራቁ። ተመራማሪዎች በኋላ ሲያሰሉት፣ አገልግሎቱ በመቀነሱ ምክንያት ቢያንስ 3,600 ያህል ተጨማሪ የእናቶች፣ የጨቅላዎችና ሞተው የተወለዱ ሕፃናት ሕይወት ጠፍቷል። ይህ ቁጥር ኢቦላ ራሱ በዚያች አገር ከገደላቸው ሰዎች ቁጥር ብዙም አያንስም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ሊድኑ የሚችሉ እናቶች በሽታውን ሸሽተው በሌላ ሞት ተወሰዱ።

ለምሳሌ የእርግዝና ደም ግፊትን ተመልከቺ። አብዛኛውን ጊዜ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ይጀምራል፤ ሲጀምር ላያምም ይችላል። ሴትዮዋ ደህና ነኝ ብላ እንጀራ ትጋግራለች፣ ገበያ ትወጣለች። አዋላጇ ግን ክንዷን አስራ ስትለካና ሽንቷን ስትመረምር ታገኘዋለች። ሁለቱም ምርመራ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ሳይታወቅ ከቆየ እናቲቱን አንቀጥቅጦ ራሷን ሊያስታት፣ እሷንም ልጇንም ሊነጥቀን ይችላል። ስለዚህ ማስክሽን አድርጊ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሂጂ፤ ግን ሂጂ። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ ያለ ምጥ የሚፈስ ውኃ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ካየሽ ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ተነሺ።

በሽታውን መናቅም አይገባም። ኮሮና በነፍሰ ጡር ላይ ይበረታል፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባትና ያለ ጊዜዋ የመውለድ ዕድሏን ይጨምራል። በማኅፀን ሳለ ወደ ልጁ መተላለፉ ግን አልፎ አልፎ የሚታይ ነው። የታመመች እናትም ማስክ አድርጋና እጇን ታጥባ እንድታጠባ የዓለም ጤና ድርጅት መክሯል። በክትባቱ በኩል ግን ነፍሰ ጡሮች ተበድለዋል ባይ ነኝ። የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ሙከራዎች አላካተቷቸውም፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ለነፍሰ ጡሮች ሁሉ በግልጽ የመከረው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሴቶች ልከተብ ወይስ ልተው በሚል ጥያቄ ብቻቸውን ተጨንቀዋል።

ብቸኝነቱ በምጥም ጊዜ ነበረ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ኒው ዮርክ ውስጥ አንዳንድ ሆስፒታሎች ባልም ሆነ እናት ወደ ማዋለጃ ክፍል እንዳይገቡ ከልክለው ነበር፤ የግዛቱ አስተዳዳሪ አንድ ሰው እንዲገባ አዝዘው ክልከላው ተነሣ። በእኛ ዘንድ የከበደው ግን አራስነቱ ነበር። አንዳንድ ክልሎች የሕዝብ ማመላለሻን ሲያግዱ ልጇን ልታርስ ከገጠር የምትመጣው እናት መንገድ አጣች። ገንፎው ቢገነፋም ጎረቤት ተሰብስቦ አልበላም፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ምርቃት በስልክ ተላከ። አራስ የምትጠየቀው ገንፎ ለመብላት ብቻ አይደለም። የሚጠይቋት ሴቶች ፊቷ መገርጣቱን፣ ማልቀስ ማብዛቷን፣ ከልጇ መራቋን ቀድመው ያያሉ።

እንግዲህ በቤትሽ ወይም በጎረቤትሽ ነፍሰ ጡር ካለች፣ የሚቀጥለው ቀጠሮዋ መቼ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂያት። የታክሲ ከሌላት ስጫት፣ ፈርታ ከሆነም አብረሻት ሂጂ።